በዶና ዦቬሊና ወጥ ቤት የሚኖረው ገጽ

የዶና ዦቬሊናን ቤት የኢንተርኔት መስመር የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን ታሪክ ከሰው አልሰማሁትም፤ ግማሹን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ግማሹን ራሳቸው ነግረውኛል። ስሜ ኤዲቫኒያ ነው። በፔድራ ሚውዳ ምሰሶ ላይ ወጥታ ኬብል የምትስብ ሴት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ከተማው "የገመዷ ሴትዮ" ይለኛል። አራት መቶ ያህል ቤት ኢንተርኔት የሚያገኘው ከእኔ ነው።

ዶና ዦቬሊና ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት ምግብ አብስለው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኔንም ጭምር አብልተውኛል። ድምፃቸው ጎርናና፣ ክንዳቸው ወፍራም፣ ላያቸው ሰው ምንም የሚያስፈራቸው አይመስልም። ግን ፈሪ ነበሩ። ራሳቸውም አይደብቁትም። "እኔ እንደ ዶሮ ነኝ፤ ቅጠል ኮሽ ካለ እንቅልፍ የለኝም" ይሉ ነበር።

ፍርሃታቸው ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ከከተማችን በላይ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ የብረት ማዕድን የሚያወጣው ኩባንያ ዝቃጩን የሚያጠራቅምበት ግድብ አለ። ከታች ሆነው ሲያዩት ሣር የለበሰ ኮረብታ ነው የሚመስለው። ከኋላው ግን እንደ ገንፎ የወፈረ ቀይ ጭቃ ተኝቷል። ባላቸው ሴኞር ኦሮዚምቦ የዚያ ግድብ ዘበኛ ነበሩ። ከግድቡ እግር ሥር በሲሚንቶ ቧንቧ የሚወጣ ውሃ አለ። ሴኞር ኦሮዚምቦ ማለዳ ማለዳ የአሥር ሊትር ባልዲ ይደቅኑና በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ ቆጥረው ይመዘግቡ ነበር። ሚስታቸውንም አስተምረዋቸዋል።

"ስሚ ዦቬ፣" ይሏቸው ነበር፤ "ውሃው ኩልል ካለ ግድቡ አላበው ማለት ነው፤ ምንም አይደል። የደፈረሰ ቀን ግን ውሃው ከውስጥ አፈር እየበላ ነው የሚወጣው። ያን ቀን ጫማሽን እንኳ እንዳትፈልጊ።"

ሴኞር ኦሮዚምቦ ልባቸው ደክሞ ሞቱ። ኩባንያው በእሳቸው ቦታ ራሱ የሚያነብ መሣሪያ ተከለ። መሣሪያው ያነበበውን ወደ ዋናው ከተማ ይልካል፤ እኛ ግን አናየውም። ከዚያ በሌላ ሸለቆ የኛን የመሰለ ግድብ በጠራራ ፀሐይ ተናደ። ምሳ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሹካውን እንደያዘ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲያ እኛም ጋ ምሰሶ ላይ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ተሰቀለ፣ "መሸሺያ በዚህ በኩል" የሚል ቀስት በየግድግዳው ተቀባ። ዶና ዦቬሊናም የባላቸውን ባልዲ አወጡ።

ቧንቧው ከኩባንያው አጥር ውጭ፣ የከብት ግጦሽ ላይ ስለሆነ የሚከለክላቸው አልነበረም። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይሄዳሉ፣ ባልዲውን ይሞላሉ፣ በባላቸው የእጅ ሰዓት ይቆጥራሉ። ከዚያ ከውሃው በብርጭቆ ይቀዱና ከብርጭቆው ጀርባ የትምህርት ቤቱን አሮጌ የምሳ ዝርዝር ይዘው ፎቶ ያነሳሉ። "ሰኞ፦ ሩዝ፣ ባቄላ፣ ጎመን" የሚለው ፊደል በውሃው ውስጥ ከተነበበ ውሃው ደህና ነው። መጀመሪያ ይህን በአንድ ማኅበራዊ ገጽ ላይ ነበር የሚለጥፉት። አንድ ዓርብ ገጻቸው ጠፋ። ሐሰተኛ ወሬ ይነዛል ብለው ብዙ ሰዎች ለገጹ ድርጅት ከስሰውት ነው የተዘጋው አሉ። ማን እንደከሰሰ አይታወቅም።

በዚያው ቀን ሱቄ መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

"ኤዲቫኒያ፣ ልጄ፣ ማንም መጥቶ የማያጠፋብኝ ቦታ የለም?"

"አለ። የራስዎ ቤት።"

ትምህርት ቤቱ የጣለውን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጠገንኩና ወጥ ቤታቸው ወስጄ ከሩዝ ማሰሮው ጎን መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። የማይለወጥ የኢንተርኔት አድራሻ ሰጠኋቸው። እንዴት እንደሚሠራም አስረዳኋቸው፦ ገጹ የሚኖረው እዚህ ሳጥን ውስጥ ነው። ከዚህ ከተማም ሆነ ከሌላ አገር ገጹን የሚከፍት ሰው በእኔ ገመድ አድርጎ እዚህ ድረስ ይመጣል፣ አንብቦ ይመለሳል።

"ወደ ወጥ ቤቴ?" አሉ ደንግጠው።

"ወደ ወጥ ቤትዎ።"

"ውይ! ሳህን እንኳ አላጠብኩም እኮ!"

ሳቅን። ከዚያ ሳቃቸው ቆመና "ማጥፋት የፈለገ ሰውስ?" አሉኝ።

"ያማ ወይ ገመዴን መቁረጥ አለበት፣ ወይ በሩን ሰብሮ መግባት።"

ለቀልድ ነበር ያልኩት። እሳቸው ግን በሩን ዞር ብለው አዩት። በማግስቱ ሁለት መቀርቀሪያ አስገጠሙ።

ገጹ ቀላል ነበር። ቀን፣ ሴኮንድ፣ አንድ ፎቶ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። "ዛሬ በአርባ አንድ ሴኮንድ ሞላ። ይነበባል።" ከተማው ለመደው። ሰው ልጁን ትምህርት ቤት ከመላኩ በፊት ከፍቶ ያያል። እሳቸውም በኩራት ለአገሩ ሁሉ ተናገሩ፦ ዳቦ ቤት ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ ወረፋ ላይ። "ገጹ እኮ ያለው ወጥ ቤቴ ነው፤ መደርደሪያው ላይ! ሌላ ቦታ የለም!" ቤታቸው በታችኛው መንገድ ጫፍ፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ ያለው የመጨረሻው ቤት ነው። ግድቡ ቢናድ ጭቃው መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።

የተቆጣም ነበር። ጎረቤታቸው ሴኞር ጉሜርሲንዶ ቤቱን ሸጦ ልጁ ጋ ሊሄድ ይፈልጋል፤ ገዢ መጥቶ ያያል፣ ከዚያ ስልኩን ከፍቶ ገጹን ያነባል፣ ይሄዳል። ሴኞር ጉሜርሲንዶ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ እያደረገ ይጮህ ነበር።

"ሴትዮ! ባልሽ ሞተ፣ ባልዲው ደግሞ እኛን ይግደለን?"

"ባልዲው ማንንም አልገደለም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሞላው!"

"አንቺ ነሽ ፍርሃት የምትሞዪብን! ትላንት የመጣው ሰውዬ መኪናውን እንኳ ሳያጠፋ ነው የተመለሰው!"

"ብልህ ሰው ነው፤ ጠርተህ ሚስት አጋባው!"

ቀን ቀን እንዲህ ይመልሱለታል። ማታ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን መቀርቀሪያውን ደጋግመው ይፈትሹ ነበር። ሁለት ጨዋ የሚመስሉ ሰዎች በግራጫ መኪና ሱቄ መጥተው "ይሄ የውሃው ገጽ ከየትኛው ቤት ነው የሚወጣው?" ብለው ጠየቁኝ። ቅንጥብጣቢ ኬብል እየለቀምኩ "አላውቅም" አልኳቸው። ከተማው በሙሉ የሚያውቀውን ነገር አላውቅም ማለቴ ራሱ አስፈራኝ። በሳምንቱ የዶና ዦቬሊና መስመር ተቆረጠ። ምሰሶው ላይ ወጥቼ ሳየው በፒንሳ ንጹሕ ተደርጎ ነው የተቆረጠው፤ ንፋስ አይደለም። ቀጠልኩት። በአሥር ቀኑ እንደገና ተቆረጠ።

"ሱቅሽ የመጡት ሰዎች ናቸው፤ ኩባንያው ነው የላካቸው" አሉ ዶና ዦቬሊና ወጥ ቤታቸው ቆመው። ፊታቸው አመድ መስሏል። "ኤዲቫኒያ፣ ልተወው ይሆን? ብቻዬን ነኝ እኮ።"

"ይተዉት ካሉኝ አሁኑኑ ነቅዬ እወስደዋለሁ።"

የሳጥኑን አቧራ በጨርቅ ጠረጉ። "ብተወው ግን ውሃውን ሳላይ ማደር አልችልም። አይቼ ለሰው ሳልናገር ደግሞ እንዴት እኖራለሁ?" አሉ። ሁለተኛ መስመር በሙዝ ተክሉ መሀል፣ በጓሮ በኩል አሳለፍኩላቸው። ያን ሳደርግ ደጋግሜ ወደ ኋላዬ እዞር ነበር።

መጋቢት ላይ ዝናቡ ጀመረና ዘጠኝ ቀን አላቆመም። ሴኮንዱ ይወርድ ጀመር፦ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ አንድ። ግን ፊደሉ ይነበባል። ዳቦ ቤት ውስጥ ሰው የአይብ ዳቦውን ገዝቶ ሰላም ሳይባባል ይወጣል።

ማክሰኞ ጠዋት ባልዲው በሃያ አራት ሴኮንድ ሞላ። ብርጭቆውን አነሱት። ከጀርባው የምሳው ዝርዝር የለም። ሩዝ የለም፣ ባቄላ የለም፣ ቀይ ብቻ።

በኋላ እንደነገሩኝ መጀመሪያ ያሰቡት "ብርጭቆው ቆሽሾ ነው" ብለው ነበር። አጠቡት። ደግመው ቀዱ። ምናልባት ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ገብቶበት ይሆናል ብለው እጃቸውን ቧንቧው ውስጥ እስከ ክርናቸው አስገብተው ከውስጥ ቀዱ። ያው ነው። ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። ከፊታቸው ያ አረንጓዴ ኮረብታ ዝም ብሎ ቆሟል። ኩባንያው ጋ ደወሉ። ኢንጂነር ቫልፍሪዶ የሚባለው ኃላፊ አነሳው።

"ዶና ዦቬሊና፣ ዘጠኝ ቀን ዘንቧል። አገሩ ሁሉ ደፍርሷል። መሣሪያችን ደህና ነው ይላል። ይልቅ ቤትዎ ገብተው ልብስዎን ያድርቁ።"

እየሮጡ ሱቄ መጡ። በሩን ገና እየከፈትኩ ነበር። ስልካቸውን ዘረጉልኝ፤ ጽሑፉን ጨርሰውታል፣ የቀራቸው መላክ ነው።

"ልላከው?"

"እርስዎ ምን አዩ?"

"ደም የመሰለ ውሃ።" ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። "ብልከውና ባይናድ ከተማው ይበላኛል። ጉሜርሲንዶ ብቻውን ይበላኛል። እነዚያ ሰዎችም ይከሱኛል። ባልከውና ቢናድ…" አልጨረሱትም። ጣታቸው ስልኩ ላይ ወደቀ፤ ተላከ።

የጻፉት ይህ ነው፦ "ሃያ አራት ሴኮንድ። አይነበብም። እኔ ወደ ላይ እየወጣሁ ነው።"

አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ ስልኬ መጮህ ጀመረ። ገጹ አይከፈትም። እኔም ሞከርኩት፤ ነጭ ብቻ። ወዲያው ገባኝ። አንዱ አይቶ ለሌላው ነግሯል፣ ከተማው በሙሉ፣ የአጎራባች ከተሞችም ሰው ባንድ ጊዜ ገጹን እየከፈተ ነው። ለአንድ ቤት የተዘረጋ ቀጭን መስመርና ያ አሮጌ ሳጥን ይህን ሁሉ ሰው አይችሉም፤ ትልቁ ፎቶ ደግሞ አንቆታል። ፎቶውን ማንሳት አለብኝ። ከሩቅ ሆኜ ልሞክር ስል እኔንም አላስገባኝም። መድረስ ያለብኝ እዚያው ሳጥኑ ጋ ነው።

ሳጥኑ ደግሞ ያለው ከሸለቆው ሁሉ ዝቅ ብሎ ያለው ቤት ውስጥ ነው።

"እርስዎ የመሸሺያው ቀስት ወደሚያሳየው የመቃብሩ ኮረብታ ይውጡ" አልኳቸው።

"ወጥ ቤቱ የኔ ነው" አሉና ቀደሙኝ።

ሞተር ብስክሌቴ ላይ አፈናጥጬአቸው ወረድን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ቁልፉን ለመክፈት ሁለት እጅ አስፈለጋቸው። እኔ ሳጥኑ ፊት ተንበረከክሁ። እሳቸው መስኮቱ ጋ ቆመው ወንዙን ያያሉ።

"ኤዲቫኒያ፣ ከፍ ያለ መሰለኝ።"

"ዝናቡ ነው።"

"ድምፅ አልሰማሽም?"

"አልሰማሁም። እባክዎ አያናግሩኝ!"

እንደ ገዛ ስሜ የማውቀውን ትእዛዝ ስጽፍ ሦስቴ ተሳሳትኩ። ፎቶዎቹን በሙሉ አጠፋሁ፣ የዛሬውን ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተውኩ፣ ሳጥኑን አጥፍቼ አበራሁት። እስኪነሳ ድረስ ዶና ዦቬሊና ጮክ ብለው ይቆጥሩ ነበር፣ ልክ ባልዲ እንደሚሞሉ። ሰባ ሁለት ሲሉ ገጹ ተመለሰ።

ስንወጣ መንገዱ ላይ ሰው የለም።

አንድም ሰው። በሮች ተከፍተዋል። የአንዱ ቤት ሬዲዮ ብቻውን ያወራል። የአንዷ ምድጃ ላይ ባቄላ እየፈላ ክዳኑን ያንኳኳል። ደረጃ ላይ አንድ እግር የሕፃን ጫማ ወድቋል። ሳይረኑ አልጮኸም። ዶና ዦቬሊና ክንዴን ጨብጠው ያዙኝ፤ ጥፍራቸው ገባብኝ።

"ኤዲቫኒያ፣ ሰዉ የት ገባ?"

የሆነ ነገር እኛን ብቻ ትቶ ሁሉንም የወሰደ መሰለኝ። አንድ የታሰረ ውሻ ያላዝናል፤ ፈትተው ለቀቁት። ሞተሩ አልነሳ አለኝ። ጥለነው በእግራችን ሮጥን። የስድሳ ስድስት ዓመት ሴት እንደዚያ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም፤ ባልዲውን ግን አልጣሉትም ነበር።

የመቃብሩ ኮረብታ ላይ ስንደርስ የከተማው ሰው በሙሉ ዝናብ ውስጥ ቆሟል። በመጀመሪያ ያየችን ሴት ጮኸችና አማተበች። ከዚያ ነው የሆነው የገባኝ። ብዙው ሰው መልእክቱን ጨርሶ አላየውም። ገጹን ሲከፍት ያገኘው ነጭ ነገር ነው። ገጹ የሚኖረው በዶና ዦቬሊና ወጥ ቤት እንደሆነ ደግሞ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ገጹ ከጠፋ ወጥ ቤቱ ጠፍቷል፤ ወጥ ቤቱ ከጠፋ ጭቃው ታችኛው መንገድ ደርሷል። አዛውንቱን በወንበር ተሸክመው፣ ሕፃኑን በፎጣ ጠቅልለው ወጡ። እኔ ከሳጥኑ ጋር ስታገል ለዶና ዦቬሊና ነፍስ ኮረብታው ላይ ጸሎት እየተደረገ ነበር።

ሴኞር ጉሜርሲንዶ ሕዝቡን ገፍቶ መጣና አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ። የሚያለቅሰው እንደ ልጅ ነው።

"ሞተሽብኝ ነበር፣ አንቺ ሴትዮ! ጭቃው በላት ብዬ…"

"ልቀቀኝ፣ ታንቀኛለህ!"

"ገመዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሁለቴም እኔ ነኝ። ቤቱ እንዲሸጥልኝ ብዬ ነው።"

ዶና ዦቬሊና አዩት። ስንት ቀን ሙሉ ኩባንያው ሊገላቸው የመጣ መስሏቸው ሁለት መቀርቀሪያ ዘግተው የተኙት በዚህ ሰውዬ የተነሳ ነበር። "ፒንሳውን ለኤዲቫኒያ ስጣት" አሉት።

ግድቡ አልተናደም። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰው በረደው፣ ራበው፣ ከዚያ ተናደደ። "የባልዲዋ ሴትዮ!" የሚል ሳቅ ከአንድ ጥግ ተነሳ። "ለአንድ ብርጭቆ ጭቃ ነው የበሰበስነው?" አለ ሌላው። ጥቂቶች ዕቃቸውን ይዘው መውረድ ጀመሩ። ዶና ዦቬሊና መቃብር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። በኋላ እንደነገሩኝ በዚያ ሰዓት ግድቡ እንዲናድ ትንሽ ተመኝተው ነበር፤ ተመኝተው ደግሞ ራሳቸውን ፈሩ።

ኢንጂነር ቫልፍሪዶ ድምፅ ማጉያ ይዞ መጣ። ሁሉም ነገር ሰላም ነው፣ ወደየቤታችሁ ግቡ አለ። ዶና ዦቬሊና ተነሱ።

"ዛሬ ቧንቧውን አይተኸዋል?"

"መሣሪያው…"

"መሣሪያውን አልጠየቅሁህም፣ የኔ ልጅ። ቧንቧውን።"

አላየውም። ሃምሳ ያህል ሰው እያየ አብረው ሄዱ፤ እኔም ተከተልኩ። ባልዲው በአሥራ ስድስት ሴኮንድ ሞላ። ብርጭቆውን ቀድተው ሰጡት፣ ወረቀቱን ከጀርባው ያዙለት።

"አንብብልኝ እስቲ። ሰኞ ምሳ ምንድን ነው?"

ኢንጂነሩ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አዞረው። ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ አፈር አየ። ፊቱ ሲለወጥ አይቻለሁ፤ እኛ ስንት ወር የኖርንበት ፍርሃት እሱ ጋ በአንድ ቅጽበት ደረሰ። ስልኩን አውጥቶ ሲያወራ ድምፁ ቀጥኖ ነበር። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ "ከዚህ ውጡ። አሁኑኑ ውጡ!" አለ። ገና ግጦሹን ሳንጨርስ ሳይረኑ ጮኸ።

ከኮረብታው የወረደውም ሰው ተመልሶ ወጣ። ለሦስት ሳምንት ማንም ቤቱ አልገባም። ግድቡ ውስጥ ሰው በእንብርክኩ የሚያልፍበት ጉድጓድ ተገኘ፤ ውሃው ከውስጥ የቦረቦረው ነው። ቀን ከሌት ውሃውን በፓምፕ መጠጡት፣ ጉድጓዱን ድንጋይ ሞሉበት፣ ድፍርሱ ውሃ ቆመ። ታችኛው መንገድ ላይ ግን ከእንግዲህ ማንም እንዳይኖር ተባለ። ኩባንያው ለሰዎቹ ኮረብታው ማዶ ባለው ከተማ ቤት ተከራየላቸው። ሴኞር ጉሜርሲንዶ ልጁ ጋ ሄደ።

ዶና ዦቬሊና አሁን አንድ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። በአካባቢው ወንዝ የለም፣ ግድብ የለም። ሳጥኑን እዚያ ወስጄ ገጠምኩላቸው። ለአንድ ወር ምንም የሚጽፉት አልነበራቸውም፤ ቧንቧው አሁን ታጥሯል፣ ዘበኛ አለው። ያም ሆኖ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳሉ። ከዚያ ከሌሎች ሸለቆዎች ሰዎች መጻፍ ጀመሩ፦ ባልዲው ስንት ሊትር ይሁን? ብርጭቆው ወፍራም ቢሆንስ? ለእያንዳንዱ መለሱ። ዛሬ ገጹ ላይ ከሰባት ግድቦች ሥር የተላኩ ሰባት ብርጭቆዎች አሉ።

እኔ እፎይ ይላሉ ብዬ ነበር። አላሉም። አሁን የሚፈሩት ስለ ሰባት ከተማ ነው። ባለፈው ሐሙስ ከአንዱ ሸለቆ ፎቶ የሚልኩት አዛውንት እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ምንም አልላኩም። ዶና ዦቬሊና አራት ጊዜ ደወሉልኝ። በአራተኛው ላይ መሰላሌን ጥዬ ወርጄ የሰውየውን ቤት ስልክ ፈለግኩና ደወልኩ። ሚስታቸው አነሱ።

"ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዷል" አሉኝ። "ምነው፣ ምን ሆነሻል ልጄ? ለምን ታለቅሻለሽ?"